የአባዬ ቀኝ እጅ

ውድ እማዬ፣ አላህ ይዘንልሽ፤

ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤትሽ ደህና ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን ዋሽቼሽ አላውቅም። አባዬን ስትሮክ መታው።

ከገለምሶ ለመጣች የሙሽራ እናት ጨርቅ እየቆረጠላት ሳለ መቀሱ ከእጁ ወደቀ። የተያዘው ቀኝ ጎኑ ነው። ምላሱም ተሳስሮ ነበር፤ እሱስ እየተፈታ ነው፣ ሲቆጣማ ጥርት ይላል! ሐኪሙ ዕድሜውን ጠየቀን። ስልሳ አልሞላውም ስንለው፣ ደም ስሮቹ ግን ከዕድሜው ቀድመው አርጅተዋል፣ ግፊቱ ሳይታከም ብዙ ቆይቷል አለን። ያረጀ አካል ቶሎ አያገግምም፤ እጁ የመመለስ ተስፋው ይበልጥ በነዚህ የመጀመሪያ ወራት ነው አለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

አባዬን ታውቂዋለሽ፤ በግራ እጁ ከሚበላ ቢራብ ይመርጣል። እኛም አዘንንለትና ማጉረስ ጀመርን። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ጠዋት ጠዋት ታጎርሰዋለች፤ ከመሰላ ገጠር የሚመጡት የልብስ ስፌት ደንበኞቹ ሳይቀሩ «ኛዻ፣ ይብሉ» እያሉ ይሽቀዳደማሉ። እጁ ግን ጭኑ ላይ ተኝቶ ቀረ። የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። ያ እጅ ካልሠራ አንጎሉ ይረሳዋል፣ ካሁን በኋላ ማንም እንዳያጎርሰው ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እማዬ፣ አሁን በሰፈሩ ጨካኟ ልጅ እኔ ነኝ። ሳህኑን ፊቱ አስቀምጬ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። የማሽላው እንጀራ ከጣቶቹ መሃል ይወድቃል፣ ወጡ ሸሚዙ ላይ ይፈሳል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። እትዬ ፋጡማ «አባቷን በረሃብ ልትገድለው ነው» ብላ አውርታብኛለች፤ ኧረ ፊት ለፊትም ነግራኛለች። አንቺ ብትኖሪ ትችይው ነበር? አይመስለኝም።

ትዝ ይልሻል፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሁልጊዜ ላንቺ ነበር የሚሰጠው። ትልቅ ነው፣ ሊያንቀኝ ነው እያልሽ ታማርሪ ነበር፤ እምቢ ስትይው ግን አላየሁም።

ባለፈው ዓርብ ከሶላት በኋላ ምሳውን አቀረብኩለት። ቢስሚላህ አለ። ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ ጠቀለሉ፣ እጁ ተነሣ። ወደ አፉ ግን አልወሰደውም። አንቺ ትቀመጪበት ወደነበረው ቦታ ዘረጋውና ስምሽን ጠራ። እጁ ከብዶት ዝቅ ማለት ሲጀምር ተንደርድሬ ቦታሽ ላይ ቁጭ አልኩና አፌን ከፈትኩ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። እሱ ፈገግ አለ።

እጁ ተመለሰ ብዬ ልደሰት ወይስ መሞትሽን ረሳ ብዬ ልዘን፣ እስካሁን አላወቅኩም። ፈራሁና አላረምኩትም። ከዚያ ወዲህ ምሳ በቀረበ ቁጥር ቦታሽ ላይ እቀመጣለሁ። እጁን መዘርጋት እስከቻለ ድረስ፣ በስምሽ ሲጠራኝ አቤት እያልኩ እጎርስልሻለሁ። እሱ ቢረሳም የማን ጉርሻ እንደሆነ እኔ አልረሳም። ደግሞ እውነትሽን ነው እማዬ፣ ትልቅ ነው።

ልጅሽ ሰሚራ
ጭሮ