ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ቀለም

ውድ ዳኛው፣

ለዓይነ ስውር ደብዳቤ መጻፍ ድሮም ሞኝነት ነው፤ ለሞተ ዓይነ ስውር መጻፍ ምን እንደሚባል አንተ ብትኖር ስም ታወጣለት ነበር። በሕይወት ሳለህ አንድም ቀን ጽፌልህ አላውቅም። ምን ያደርግልሃል? የሚያነብልህ ሰው እኔው ነበርኩ። ዛሬም ጽፌ ስጨርስ በሬን ዘግቼ ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ፤ ከዚያ እቀደዋለሁ። ለምን እንደምቀደው ወደ መጨረሻው ይገባሃል።

መናደድ እንደማይከብደኝ ታውቃለህ። ከተቀበርክ ወዲህ ግን ንዴቴ ማረፊያ አጥቶ ቤት ውስጥ ይንቀዋለላል። ትላንት ባለቤቴ ወንበሩን ከጠረጴዛው ሥር ሳታስገባ ብትነሳ ጮህኩባት። እሷም "አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት ዓይነ ስውር የለም እኮ" አለችኝ። ካገባኋት ጀምሮ ስትለው የኖረችው ነገር ነው፤ ሁልጊዜም ያስቀን ነበር። ትላንት ግን ከቤት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ይህ የወንበር አባዜ ከማን እንደተጋባብኝ አንተ ታውቃለህ።

ያ የዶርም ክፍላችን ለአራት ሰው የተሠራ ነው ይባል እንጂ ሦስት ሆነን እንኳ ስንቆም ትከሻችን ይነካካ ነበር። ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ መዝጊያው የማይገጥም የቆርቆሮ ሳጥን። አንተ ከታች፣ እኔ ካንተ በላይ፣ ደላላው ማዶ። ደላላው ያልነው የራሱን ዳቦ በሰው ሻይ፣ ሻዩን በሌላ ሰው ሳሙና እየለወጠ ከመመገቢያ አዳራሹ ካልሲ ይዞ የሚመለስ ልጅ ስለነበረ ነው። አንተን ዳኛው ያልንህም ሕግ ስለምታጠና ብቻ አልነበረም። ሁለት ሰው ሲከራከር ጆሮህን ዘንበል አድርገህ ሰምተህ፣ የትኛው እንደሚዋሽ ከድምፁ ትለይ ነበር። አንድም ቀን ስተህ አላውቅም።

የገባህ ቀን ግድግዳውን፣ የአልጋውን ብረት፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በመዳፍህ ዳሰስክና አንድ ነገር ብቻ ለመንከን፤ "ምንም አታድርጉልኝ። እጄን ይዛችሁ አትውሰዱኝ። ዕቃውን ብቻ ካለበት አታንቀሳቅሱብኝ" አልክ። እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝና ጠመኔ አምጥቼ የጠረጴዛውንና የወንበሩን እግሮች ዙሪያ ወለሉ ላይ አሰመርኩ። የጠመኔውን ጭረት ሰምተህ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቅከኝ። ነገርኩህ።

"ለማን ነው የምታሰምረው? እኔ እንደሆንኩ አላየው።"

"ላንተ አይደለም፤ ለደላላው ነው።"

እስኪያስልህ ድረስ ሳቅክ። "አንተ ሰው አይደለህም፤ ውሃ ልክ ነህ" አልከኝ። ስሜ በዚያው ቀረ። ዛሬ የግንባታ ሠራተኞች በደመወዝ መዝገብ ስሜ ሳይሆን በዚያ ስም ከኋላዬ ያሙኛል፤ ማን እንዳወጣው አያውቁም።

ከዚያ ንባቡ መጣ። እኔ ስለ ድልድይና ስለ ምሰሶ ልማር የመጣሁ ሰው፣ የንብረት ሕግን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብዬ አነበብኩልህ። አንተ በብሬይል መውጊያህ ወረቀቱን ጠቅ ጠቅ እያደረግህ ትከተላለህ፤ ደላላው ያንኮራፋል። እንቅልፍ ሲጥለኝ መስመር እዘላለሁ። መውጊያህ ይቆማል። "መለስ በል" ትላለህ እንጂ ዘለልክ ብለህ አትወቅሰኝም። ከተመረቅን በኋላም ልማዱ አልተወንም፤ እሁድ እሁድ ከሰዓት ስልክ ደውዬ የሳምንቱን ጋዜጣ አነብልህ ነበር። ቤትህ ውስጥ አንባቢ ሞልቶ! ልጅህ ራሱ አንዴ "ጋሼ፣ እኔ አለሁ እኮ" ብሎኝ ያውቃል። አንተ ከወዲያ ሆነህ፣ "ተወው፤ እሱ ሲያነብ ከጋዜጠኛው ጋር ይጣላል፤ እኔ የምወደው ጠቡን ነው" አልከው።

አሁን ስለ ጥርስህ ላንሳ። ያለዚያ የቀረውን ማውራት አልችልም።

የፈተና ሰሞን ነበር። ደላላው የታጠበ ሸሚዙን ከጣሪያው ገመድ ላይ ለመስቀል ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ሰቀለና ወንበሩን ክፍሉ መሃል ገትሮት ሮጠ። አንተ ፊትህን ታጥበህ ተመለስክ። ክፍላችን ውስጥ በትር ይዘህ አታውቅም። እኔ ከቤተ መጻሕፍት ስገባ በአልጋው ብረት ሥር ተቀምጠህ፣ አፍህን በፎጣ ይዘህ አገኘሁህ። የፊት ጥርስህ ከወለሉ ላይ ነበር። ወንበሩ ተገልብጦ፣ ከጠመኔው መስመር ርቆ ተኝቷል።

ፕሮክተሯን፣ ያቺን የዶርም ኃላፊያችንን፣ ጠርቼ አመጣኋት። ደላላው ዛሬውኑ ከዚህ ክፍል ይውጣልኝ አልኩ። ከዚህ ክፍል ከወጣ መሄጃ እንደሌለው፣ በዚያ ዓመት ሌላ አልጋ እንዳልነበረ፣ ዶርም ያጣ ትምህርቱንም እንደሚያጣ አውቅ ነበር። ደላላው በር ላይ ቆሞ አመድ መስሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለዋውጠው ነገር አልነበረውም።

አንተ ፎጣውን ከአፍህ አነሳህ። "ወንበሩ በቦታው ነበር" አልክ። "ራሴን አዞረኝ።"

መስመሩን በጣቴ አሳየኋት። ወንበሩን አሳየኋት። አንተ ግን በተሸረፈ አፍህ፣ እጅግ በትሕትና፣ "እናታለም፣ እሱ የሚያየውን እኔ አላይም፤ እኔ የማውቀው እንዳዞረኝ ነው" አልካት። ሴትየዋ ሁላችንንም አየችንና ውሃ ጠጣ ብላህ ሄደች።

ለሳምንት አላነጋገርኩህም። ማንበቡን ግን አላቋረጥኩም፤ ከመጽሐፉ ውጭ አንዲት ቃል ሳልጨምር አነብና መጽሐፉን ከድኜ ወደ አልጋዬ እወጣለሁ። በመጨረሻ ከታች ሆነህ፣ "ውሃ ልክ፣ ባነበብክልኝ ሕግ መሠረት ጥርሱ የኔ ንብረት ነው፤ ባለንብረቱ ክስ የለኝም ካለ አንተ ምን አገባህ?" አልከኝ። ዋሽተሃል አልኩህ። ዋሽቻለሁ አልክ። እኔ ትክክል ነኝ አልኩህ።

"ትክክል ነህ" አልከኝ። "ግን ከትክክለኛ ሰው ጋር አንድ ክፍል መኖር እንዴት እንደሚያደክም አታውቅም።"

ይህችን ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩህም ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤትህ ልምጣ። ለቅሶው ላይ ሰው ሞልቷል። ደላላው ሸብቶ፣ ወፍሮ፣ ከጎረቤት ወንበር እያስመጣ ይደረድራል፤ አንዱን ወንበር አስቀምጦ ቦታውን መያዙን በእግሩ ነካ አድርጎ ያያል፤ ጥርስህ ከወለቀበት ቀን ጀምሮ ያልተወው ልማድ ነው። ከደረጃ ወድቀህ መሞትህን ሰዉ ዕድሜ ነው ይላል፤ ደረጃ ክፉ ነው ይላል። ባለቤትህ "ዓይኑን ጨፍኖ በሚያውቀው ቤት" ብላ ጀመረችና ያለችውን ሰማችው። በእንባዋ መሃል ፈገግ ልትል ስትል አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አንተ ብትኖር በዚህ ሳምንት ሙሉ ትስቅ ነበር።

ኮቴን ላስቀምጥ ወደ ፎቅ ወጣሁ። ከመኝታ ቤትህ ስትወጣ የምትዳስሰውን ግድግዳ እኔም ዳሰስኩት። ግማሹ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ግማሹ አሮጌ ነው። የጫማው ቁም ሳጥን ዘወትር ያለበት ቦታ ላይ ነው። ታውቀዋለህ፤ ጥጉን በመዳፍህ ትነካና እጅህን ወደ ደረጃው መደገፊያ ትዘረጋለህ። ሥራዬ ሆኖ ጎንበስ ብዬ በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሃል አየሁ። አዲሱ ቀለም ከጀርባው ገብቷል።

አንድ ቁም ሳጥን ከጀርባው የሚቀባው ከቦታው ሲነሳ ብቻ ነው። ወለሉን አየሁ። የእግሮቹ ጭረት እስከ ደረጃው አፍ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ከቦታው የተገፋውን ጥጉን ነካህ፤ እንደ ልማድህ እጅህን ዘረጋህ፤ ከእጅህ በፊት እግርህ ባዶውን አገኘ።

ቀና ስል ልጅህ የባዶ ብርጭቆ ትሪ ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል። የት እንደምመለከት አይቷል። ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

የፈቃድ ቀኖቹን ተጠቅሞ ቤቱን ሊያድስልህ ነው የመጣው። ሳይነግርህ መቀባት የጀመረው፣ ከእንቅልፍህ ስትነሳ ቤቱ እንደታደሰ በአፍንጫህ እንድታውቅ ብሎ ነው። ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጎ ጀርባውን ቀባ፤ ብሩሹን ሊያጥብ ግቢ ወረደ። የውሃው ድምፅ የመውደቅህን ድምፅ ሸፈነበት። ወድቀህ ካገኘህ በኋላ፣ ሰው ከመጥራቱ በፊት፣ ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሶታል። ለምን እንደመለሰው ራሱም አያውቅም። ለእናቱ አልነገራትም። ይህን ሁሉ ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ከዚያ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?"

ዳኛው፣ እኔ ለተጠየቅሁት የማውቀውን ነው የምመልሰው። ግንቡ ለምን ተሰነጠቀ ሲሉኝ ሲሚንቶው ተሰርቆ ነው ብዬ ከመሥሪያ ቤት ተባርሬአለሁ፤ ጸጸትም የለኝም። እዚያ ደረጃ ላይ "አዎ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ቤት ተወልዶ ያደገ ልጅ! ከመራመዱ በፊት፣ የአባትህን ዕቃ አትንካ እየተባለ የዳኸ ልጅ! ልናገረው አፉን ተመለከትኩ። ያንተ አፍ ነው። ጥርሱ ብቻ ሙሉ ነው።

"አይደለህም" አልኩት። "አባትህን ማዞር ጀምሮት ነበር።"

ቀጠልኩ። እሁድ ስንደዋወል እንደነገርከኝ፣ ባለፈው ሰሞን እዚያው ደረጃ ላይ ሊጥልህ ሲል መደገፊያውን ይዘህ እንደተረፍክ፣ እንዳትጨነቁ ብለህ ለማንም እንዳልናገር እንዳስማልከኝ፣ ሐኪም ጋ ሂድ ብዬ ተጣልቼህ እንደነበር ነገርኩት። ቁም ሳጥኑ የትም ቢሆን ያው ነበር አልኩት። ውሸቴን እንደ ንድፍ በልኬት ሠራሁት፤ ምሰሶ አቆምኩለት፣ ማገር አገባሁለት። በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ነው፤ እስካሁን አልተሰነጠቀም።

"ራሴን አዞረኝ ነው ያለህ?" አለኝ።

"ቃል በቃል" አልኩት። ያ ደግሞ እውነት ነበር።

ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እኔ ትሪውን ይዤ ወረድኩ። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ነገር ነው፤ ስናገር ዓይኔን አላየም። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ነበር የሚሰማኝ። ያንተን ጆሮ ወርሶ ከሆነ ውሸቴን ያኔውኑ አውቆታል። አውቆም ከሆነ ተቀብሎኛል ማለት ነው፤ አንዳችን ለአንዳችን ስንል ዝም እንላለን።

ንዴቴ አልበረደም። በልጅህ እናደዳለሁ። ባንተም እናደዳለሁ፤ እርጅና ከመጣ በኋላ እንኳ ቤት ውስጥ በትር ብትይዝ ምን ነበረበት? በራሴ ላይ ግን፣ ይገርምሃል፣ አልተናደድኩም። እኔ የመሰከርኩት ላንተ ልጅ ነው። አንተ የመሰከርከው ለደላላው ነበር፤ ቢያንስ የኔው ይሻላል።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት፣ የጋዜጣችን ሰዓት ሲደርስ ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ተነሥቼ ወደ ቤትህ ሄድኩ። ለልጅህ ብሩሽ አምጣ አልኩት። ቁም ሳጥኑን በሁለት በኩል ይዘን አነሳነው፤ ደረጃው አፍ ላይ አድርሰን አስቀመጥነው። የቀረውን ግድግዳ ቀባን። እሱ ጣሪያው ሥር ሲያንጠባጥብ ተቆጣሁት፤ "እሺ ጋሼ" አለኝ። ቀለሙ ሲደርቅ ቁም ሳጥኑን አነሳንና መመለስ ጀመርን። እኔ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያልኩ ከጭረቱ ጋር ሳስተካክል ባለቤትህ ከታች ሰማችን።

"የትም አድርጉት በቃ" አለች። "አሁን እኮ የሚነካው የለም።"

እኔና ልጅህ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም እግሮቹን ከነበሩበት ላይ አሳረፍናቸው። ልጅህ መዳፉን ጥጉ ላይ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ እጁን ዘረጋ። መደገፊያውን አገኘው።

እዚህ ላይ ላቁም። በሬን ዘግቻለሁ፤ የንባባችንም ሰዓት ደርሷል፤ ልጅህም እናቱም እንዳያገኙት አንብቤ ስጨርስ እቀደዋለሁ። ካንቀላፋሁ ቀስቅሰኝ፤ ከዘለልኩም እንደ ድሮው መለስ በል በለኝ።

አንባቢህ፣
ውሃ ልክ