ጅራት ያጣው ፊደል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለውድ አባዬ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጣ መሃል ላይ እንደምታርፍ ወንድሜ ነግሮኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ማተሚያ ቤቱም ሥራ አላጣም። ጠራዣችን ሙጫው ሰላም ብሎሃል። ዛሬም ለአንድ ደቂቃ ብሎ ገብቶ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠ፤ ቅጽል ስሙን አላሳፈረውም።

ደብዳቤውን በደንብ አጉልቼ የጻፍኩት ራስህ እንድታነበው ነው። ለወንድሜ እንዳትሰጠው። ይህን በሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈልግም።

ነገሩ የእጽዋት መምህሩ መጽሐፍ ነው።

መምህሩ መጽሐፋቸውን ሲጀምሩ፣ የእያንዳንዱ ተክል የላቲን ስም ዘንበል ባለው ፊደል፣ በኢታሊክ መሆን አለበት ብለው ነበር። አንተ ደግሞ ገበያ ላይ ያሉት አንዳቸውም አላረኩህም። ስድስት ዓመት መስኮቱ ሥር ተቀምጠህ፣ በእርሳስ ነድፈህ በብሩሽ እየሞላህ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሠራሃቸው። ቀጥ ያለውን ትንሽ ማዝመም አይበቃም ወይ ብዬ ስጠይቅህ፣ «እሱ ተገፍቶ ሊወድቅ ያለ ሰው ነው፤ የእኔ እየተራመደ ነው» አልከኝ። እውነትህን ነው። ከቀጥተኛው ጋር ወንድማማች ቢሆኑም መልካቸው ለየቅል ነበር። የእግራቸው ጫፍ ብዕር እንደለቀቀው ቀለም ቀጥኖ ወደ ቀጣዩ ፊደል ይዘረጋል፤ ኤፍም ከመስመሩ በታች ጅራቱን ይጥላል።

ፊደሎቹን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ ርቀታቸውን ማስተካከል የእኔ ድርሻ ነበር። በየሳምንቱ ስትጠይቀኝ «ጨርሻለሁ» እልህ ነበር። አልነካሁትም ነበር። ለኅትመት ሦስት ቀን ሲቀረው ብሞክረው አንዱ አንዱ ላይ እየወጣ ተዘበራረቀብኝ። ለመምህሩ ቀን ቆርጬላቸዋለሁ፤ አንተ ዘንድ መጥቼ «ዋሽቼሃለሁ» ማለት ደግሞ ሞት ሆነብኝ። ቀጥ ያለውን ፊደል መረጥኩ፤ አንዲት ቁልፍ ተጫንኩና አጋደምኩት። አራት መቶ ገጽ፣ በአንዲት ቁልፍ።

መጽሐፉ ተጠርዞ የመጣ ዕለት ማጉያህን አውጥተህ አጎነበስክበት። መምህሩ አጠገብህ ቆመው ነበር።

«የዚህ ኤፍ ጅራት የት ሄደ?» አልከኝ።

«አለ እኮ አባዬ፤ አልታየህ ይሆናል» አልኩህ።

እንደገና አጎነበስክ። ጣትህን በመስመሩ ሥር ቀስ አድርገህ ጎተትክ። እኔ ምንም አቧራ የሌለበትን ሽፋን በእጅጌዬ እጠርግ ነበር። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ዓይኔ ነዋ» አልክና ማጉያውን ኪስህ ከተትከው። መምህሩንም እንኳን ደስ ያለዎት ብለህ እየሳቅክ ጨበጥካቸው።

በሳምንቱ ብሩሾችህን አጥበህ፣ ማጣበቂያ ቅባባቸው ብለህ ለሙጫው ሰጠኸው። በወሩ ወንድሜ ዘንድ ሄድክ። የት ሄደ ብለው ሲጠይቁኝ «ዓይኑ ደከመበት» እላለሁ። ይህንንም የምለው እኔው ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድሜ ደወለልኝ። የዓይን ሐኪሙ ዓይንህ ካምናው ምንም አልቀነሰም ብሎሃል፤ አንተ ግን አላመንከውም። «ሐኪሙ ሊያጽናናኝ ነው፤ ልጄ ግን አትዋሸኝም» ማለትህን ወንድሜ እየሳቀ ነገረኝ። ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም።

አባዬ፣ ጅራቱ አልነበረም። ያየኸው ልክ ነው።

በማግሥቱ መምህሩ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እሳቸው መጽሐፉን አምጥተው ብዙ ገጽ ገለጡ። «እኔ እኮ እስካሁን ልዩነቱን አላየሁትም» አሉ። «እሱ አይቶት ነበር?»

«አይቶት ነበር።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ?»

ከዚያም በር ድረስ ሸኙኝ። ይህን ደብዳቤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። በአራቱም ለራሴ ትንሽ ትንሽ ሰበብ ሰጥቼ ነበር።

የተሸጠው ተሸጧል፤ መጽሐፉን ከሰው መደርደሪያ ላይ ማውረድ አልችልም። ሁለተኛው ኅትመት ግን በአንተ ፊደል ይሆናል፤ መምህሩ ይሁን ብለዋል። የፊደሎቹን ርቀት አንድ በአንድ እያስተካከልኩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች አብሬ ልኬልሃለሁ። ስሠራ አንድ ነገር አገኘሁ። ኤፍ ከኤል ጋር ሲጎራበት የኤፍ አናት ኤልን ይመታዋል፤ «ፍሎራ» የሚል የላቲን የአበባ ስም ባለበት ሁሉ እንዲህ ነው። የእኔ ጥፋት መስሎኝ ሥዕልህን አውጥቼ ለካሁት፤ እዚያም ላይ እንዲሁ ነው። ሁለቱን አቅፎ የያዘ አንድ አዲስ ፊደል መሳል ይፈልጋል። እጄ አይችለውም፤ ቢችልም አልነካውም። ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ና ለማለት ፊት የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ጉልበትህን ይማርልህ። ገጾቹ ላይ ልክ ያልመሰለህን ሁሉ በቀይ አስምርበት። ምንም ብትለኝ አምንሃለሁ።

የዋሸችህ ልጅህ