ጫኝ የሌለው ጭነት

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? አዲሱ ዓመት እንዴት ያዘሽ? ጉልበትሽስ? የኖርስቦሪው አሳንሰር ተሠራ ወይስ አሁንም ዕቃሽን ተሸክመሽ ደረጃ ትወጫለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከምን በቀር እንደሆነ ግን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወረቀቱን አገላብጠሽ “ማን ጻፈለት?” እንደምትይ አውቃለሁ። ማንም! የራሴ እጅ ነው። እዚህ ኪስታ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እትዬ የሻሽወርቅ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ እኛን ጎልማሶቹን ከሀ ሁ አስጀምረው፣ የስዊድኑንም ፊደል ጨምረው በቅርቡ አስመረቁን። ማን አንደኛ ወጣ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም። ብቻ አብሮኝ የሚማረው ዓለሙ ስሙን ሲጽፍ አሁንም ላብ ያጠምቀዋል፤ እኔ ይኸው እንደ ክረምት ወንዝ እወርዳለሁ። እትዬ የሻሽወርቅም “አንተ ሰው፣ እጅህ አፍህን ሊደርስበት ነው” ብለውኛል። ከዚህ የበለጠ ዲግሪ የት አለ?

የጻፍኩልሽ ስለ መስቀል ምሳው ነው። ግን በምርጫው በኩል ዞሬ ነው የምመጣው፤ አትቸኩዪብኝ።

ልጃችን ልደታ ዘንድሮ ሻርሆልመን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፅ ተቀባይ ነበረች። ምርጫው ሲዘጋ ማንም ሰው ገብቶ ቆጠራውን ማየት ይችላል ብትለኝ አላመንኳትም። “ማንም?” አልኳት። “ማንም” አለችኝ። ሄድኩ። ማንም አልገፋኝ፣ ማንም ማነህ አላለኝ። እንደ ሚዜ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

መቼም ፓርቲዎቹ ብዙ ናቸው፤ መንግሥት ለመመሥረት ሲሆን ግን በሁለት ጭነት ነው የሚታሰሩት፣ ቀይና ሰማያዊ። ያው አንቺ ለቀዩ፣ እኔ ለሰማያዊው ቴሌቪዥኑ ፊት ስንናከስላቸው የኖርነው። ያኔም ልደታ ‘የእናንተ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ሁለታችሁም ቤት ብትቀሩ ያው ነው’ እያለች ትስቅብን ነበር።

ወረቀቱ በየጠረጴዛው ሲከመር እኔ በሐሳቤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ እያሰርኩ አያለሁ። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ይደርስበታል። ሌላው ሲበልጥ ያኛው ይደርሳል። መጨረሻ ላይ እኩል ለእኩል ሆነው ቀሩ ማለት ይቻላል። የዚህ ሰፈር ጉድ ነው ስል፣ ልደታ ሥራዋን ጨርሳ የአገሩን ሁሉ ውጤት በስልኳ አሳየችኝ። እዚያም ልዩነቱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው!

እኔ አህያ ስጭን ያደግኩ ሰው ነኝ። ጭነት ግራና ቀኙ እኩል የሚሆነው ጫኙ ከከበደው ቀንሶ በቀለለው ላይ ስለሚጨምር ነው። “ታዲያ የዚህ ጫኙ ማነው?” አልኳት።

እሷ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ ነው የመለሰችልኝ፤ እኔ ገልብጬ ልንገርሽ። ጫኝ የለውም አለች። የተሸነፈው ወገን መጀመሪያ ያኮርፋል፤ ቀጥሎ ‘ሰዉ ለምን ጥሎኝ ሄደ?’ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ መሐል ላይ ለቆመው ሰው የሚጥም ነገር ይዞ ይመጣል። ያሸነፈው ደግሞ ከግማሽ ጥቂት ካለፈ ይበቃዋል፤ ሁሉን ላስደስት ቢል የገዛ ወዳጆቹ ይቀየሙታል። አንዳንዴ አንዱ ወገን በጣም ያዘነብላል፤ ግን ብዙ አይቆይም፣ የቀለለው ወደ መሐል መጥቶ ይጎትተዋል።

ያ ሁሉ የማይተዋወቅ ሕዝብ፣ በየጋረጃው ጀርባ ብቻ ብቻውን ገብቶ፣ ሳይመካከር፣ እኔ በእጄ ብጭነው እንዲህ የማላስተካክለውን ጭነት አስተካከለ። ቤተ ክርስቲያን እንደገባሁ ሁሉ ኮፍያዬን አወለቅሁ። አንዷ ቆጣሪ የደከመኝ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ።

ይኼኔ ልደታ ምን አለችኝ መሰለሽ? “እናንተ ግን ከጫፋችሁ ንቅንቅ የማትሉ ፓርቲዎች ናችሁ። መሐል የቆምኩት እኔ ነኝ።” እውነቷን ነው። ከተለያየን ወዲህ እኔ ጫማ ስገዛላት አንቺ ካፖርት፣ አንቺ ካፖርት ስትገዢ እኔ የበለጠ ካፖርት። ይህች ልጅ የምረጡኝ ቅስቀሳ ሳይለያት ኖረች። ለመስቀልም ላንቺ በዕለቱ፣ ለኔ በማግስቱ፣ ሁለት ምሳ ስታሰናዳ ከረመች። ዘንድሮ ምሳው አንድ ነው፤ ሁለታችሁም ካልመጣችሁ ጎረቤት ጠርቼ አበላለሁ ብላለች። ላንቺም ነግራሻለች፤ እንዳልሰማሽ አትሁኚ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመረጡትን አለመናገር መብት ነው፤ እኔም አልነግርሽም። ቀድሞ ልደታ ያቀበለችኝን ወረቀት ነበር የምከተው። ዘንድሮ ግን ፓርቲዎቹ በየቤቱ የበተኑትን ጽሑፍ ሁሉ ራሴ አነበብኩት። ስለ አረጋውያን መጦሪያ አንቺ ስትጮኺለት የነበረው ነገር እዚያ ተጽፏል። እኔ ቴሌቪዥኑን ከፍ እያደረግሁ ያላዳመጥኩሽ ነገር። ከጋረጃው ስወጣ ሰማያዊው ወገን አንድ ሰው ጎድሎበት ነበር እንበል።

ይህን ለልደታ በጆሮዋ ሹክ ብላት ጠረጴዛ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። “አባዬ፣ የአንተና የእማዬ ድምፅ ዘንድሮም ተጣፋ!” አለችኝ። እንዴት ብላት ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ባቡር ውስጥ ሒሳቡን ሠራሁት፤ እኔ ወደ ቀዩ ከተሻገርኩ፣ ድምፃችን የሚጣፋው አንቺ ወዴት ብትሻገሪ ነው? ደግሜ ሠራሁት። ኪስታ አልፎኝ ሁስቢ ደረስኩ።

ስለዚህ ለመስቀል፣ አንቺ ከኖርስቦሪ በቀዩ የባቡር መስመር፣ እኔ ከኪስታ በሰማያዊው ነው የምንመጣው። ልደታ ቤት የሚያደርሰው አረንጓዴው ነውና ሁለታችንም መሐል ከተማው ጣቢያ፣ ቲ-ሴንትራለን ወርደን መቀየራችን አይቀርም። ወደ መሐል ነይ አልልሽም፤ ባቡሩ ራሱ ያመጣሻል። አንቺ አረንጓዴው ባቡር ዘንድ ቆመሽ ብቻ ጠብቂኝ። የኔ መስመር ከምድር በታች ከሁሉም ጥልቅ ነው፤ ያን ረጅም ደረጃ ወደ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ።

እስከዚያው መድኃኔ ዓለም ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን በሰላም ያኑርልሽ፣ መሐላችን የቆመችውን ልጅ ያሳርፍልን።

የልጅሽ አባት

ማስታወሻ፤ መጀመሪያ ላይ ‘ከምን በቀር’ ያልኩሽን ካላገኘሽው ደብዳቤውን ደግመሽ አንብቢው። እኔ እንኳ አንብቤው ገብቶኛል።