ጥቅምት ሠላሳን የማያውቅ ኮምፒውተር

ኅዳር 12፣ ጠዋት
ሰባ አራት ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ። የገብስ መጋዘኔን ራሴ እከፍታለሁ፣ ራሴ እመዝናለሁ። ኩንታል መሸከሙን ትቻለሁ። አሁን ኤክሴል እማራለሁ። ደብተሬ፣ አትሳቅ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጽሑፌን እያየኸው ነው። ገብሱን የሚረከበን ድርጅት የወሩን ሪፖርት በኮምፒውተር ካልሆነ አልቀበልም አለ። ልጄ ትዕግስት መጋዘኑን አከራይቼ እንድቀመጥ ትፈልጋለች። እምቢ።

ኅዳር 15
ቻልኩ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ስለው የየገበሬውን ገብስ ለይቶ ይደምራል። አስተማሪዬ ጫልቱ፣ የልጅ ልጄ እኩያ፣ “አባኮ፣ ማውሱን ለቀቅ ያድርጉት፣ በሬ አይደለም አይሸሽም” አለችኝ። አባኮ በኦሮምኛ አባቴ ማለት ነው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም።

ኅዳር 19
ክፉ ቀን። ገበሬው ከድር የጥቅምት ሂሳቡን ሊያይ ከሮቤ መጣ። የጥቅምትን አወጣሁ፣ በስሙ ምንም የለም። አላመጣህም አልኩት፣ ሰው ፊት። “ጋሼ፣ ሚዛኑ ላይ የቆሙት እርስዎ ራስዎ ነበሩ እኮ” አለ። ትዝ አላለኝም። ትዕግስት አየችኝ፣ እናቷን በመጨረሻ ዘመኗ ታያት እንደነበረው። ሟች ባለቤቴ ያኔ እኔን በወንድሟ ስም ትጠራኝ ነበር። እራት አልበላሁም። የኔም ጭንቅላት ከሄደ ቁልፉን አስረክባለሁ።

ኅዳር 20
ተገኘ። ጫልቱ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየች። ከድር አለ፣ እኔው የጻፍኩት፣ 30/2 ብዬ። ጥቅምት ሠላሳ። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ የነሱ ሁለተኛ ወር ሠላሳ አይሞላም። ይሄ ቀን አይደለም ብሎ ከድምሩ ጣለው። ያን ቀን ያራገፈ ሁሉ ቀርቷል። ቀኑን ለብቻ፣ ወሩን ለብቻ አምድ ሠራንለት። ሁሉም መጣ። ቀኑን ሳይ የከድር አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የገፋነውም ትዝ አለኝ፣ ጫማዬ ሳይቀር ተውጦ ነበር።
ጭንቅላቴ አለ። እንባዬ መጣ። ጫልቱ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ጨዋ ልጅ።

ኅዳር 21፣ ጠዋት
ጥሩ እንቅልፍ። ትዕግስት ሪፖርቱን አየች፣ የማከራየቱን ነገር አላነሳችም። ገንፎ ሠራች፣ ጨረስኩት።
ዕዳዬ። ለጫልቱ በሶ፣ ራሴ ቆልቼ የማስፈጨው። ለትዕግስት ሁለተኛው ቁልፍ፣ ስለተሸነፍኩ አይደለም። ለከድር ይቅርታ። ትዕግስት በስልክ ይንገሩት አለችኝ። አይሆንም። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩት። በሮቤ ሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።