ሆዴን ስቤ የተለካሁ ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ከመርፌ ይብስ የሚወጋሽ ትከሻሽ ተሻለው ወይ? እማማስ፣ ጉልበቷ እንዴት ይዟታል? ባልሽ፣ ልጅሽ፣ ያቺ የምታንኮራፋው የስፌት መኪናሽ ሳትቀር ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። የአሁኑ እውነቴን ነው። የአሁኑ ማለትህ ምንድን ነው ብለሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ መጨረሻው ላይ የምለምንሽ አንድ ነገር አለኝ።

ባለፈው ፍጹም ደህና ነኝ፣ አታስቢ ያልኩሽን ደብዳቤ የጻፍኩት በአንድ ዓይኔ ነበር። አትደንግጪ፣ አሁን አልፏል። መጀመሪያ ዝንብ የሚመስል ነገር ፊቴ ላይ ይዞር ጀመር፤ ሳምንት ሙሉ በእጄ እያባረርኩ ጨርቅ ስቆርጥ ሰነበትኩ። ቀጥሎ ከግራ ዓይኔ ጥግ ጥቁር መጋረጃ መጣ። እሱንም ዝም አልኩት። ጉዴ የወጣው የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ኮት ስሠራ ነው፤ አንዱን እጅጌ ከሌላው አራት ጣት አሳጥሬ ቆረጥኩት። ሰውየው ለብሶት መስታወት ፊት ቆመና፣ እንግዲህ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ ልኖር ነው ወይ አለኝ። እኔ ሳቅሁ። ባለሱቁ ግን አልሳቀም፤ ክንዴን ይዞ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ሐኪሟ ከዓይኔ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚሉት፣ ስፌቱ እንደ ለቀቀ የኮት ገበር ተላቅቋል አለችኝ። በቀዶ ጥገና ይመለሳል። ነገር ግን አስቀድሞ ዓይኔ ከውስጥ ምን ያህል እንደተቆጣ መለካት አለበት፤ በጣም የተቆጣ ዓይን በኋላ ጠባሳ ያወጣና የተመለሰውን ሽፋን መልሶ ይጎትተዋል። የምትለካዋን ሴት በሽተኞቹ ሁሉ «እመት ቁጥር» ነው የሚሏት። አገጭሽን ማሳረፊያው ላይ ታደርጊያለሽ፣ ቀጭን ጨረር ዓይንሽ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ አቧራው ቁልጭ ብሎ እንደሚታየው ሁሉ፣ በዓይንሽ ውሃ ውስጥ ያለው ድፍርስ በጨረሩ ይታያል፤ ማሽኑ ልኩን በቁጥር ይናገራል። ምንም አያምም።

አግዳሚው ላይ ተራ ስጠብቅ አንድ ጡረተኛ ሾፌር አጠገቤ ነበር። ቁጥሩ ከሃያ ያለፈ ሰው ተስፋ የለውም፣ ወደ ቤቱ ይሸኙታል አለኝ። ማን ነገረህ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ዓይኔን ከተነጠቅሁ መቀሴንም መነጠቄ ነው አልኩ በልቤ። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ነርሷ የታመመው ዓይን ከጤነኛው ጋር እንዳይምታታ ብላ ከግራ ቅንድቤ በላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፋልኝ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገባሁና ከግራው አንስቼ በቀኙ ላይ ለጠፍኩት! ዓይኑ ከውጭ ሲያዩት አይቀላ፣ አያብጥ፤ ማን ይነቃብኛል ብዬ።

እመት ቁጥር ፕላስተር ያለበትን ለካች፤ አምስት። ኮራ ብዬ ልነሳ ስል፣ ቁጭ በል፣ ለማነጻጸር ጤነኛውንም እንለካለን አለችኝ። እትዬ፣ ሁለቱም እንደሚለኩ በምን አውቄ! ሠላሳ አራት ወጣ። ማሽኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ቀኝ ዓይኔን በመዳፏ ሸፍና ስንት ጣት ነው ብትለኝ፣ የቱ ጋ ነው ያለው አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሥራህ ምንድን ነው አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳት። ስትለካቸው ሆዳቸውን የሚስቡ ደንበኞች የሉህም ወይ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! እኔና አንቺ በእነዚያ ሰዎች ስንቱን ቀን ስቀናል። ሆዱን ስቦ የተለካ ሰው ሱሪው የሚቀደደው ገና ሲቀመጥ ነው ብለሽ ሥራውን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የሾፌሩም ወሬ ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቁጥሩ መድኃኒቱን ለመመጠን እንጂ ሰው ለማባረር አይደለም።

ቁጣውን የሚያበርድ ጠብታና ኪኒን ሰጡኝ፤ ከዚያ ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ። ሽፋኑን ደግፎ እንዲይዝ ዓይኔ ውስጥ የጋዝ አረፋ ጨመሩና ዐሥር ቀን አቀርቅር አሉኝ። ስበላም ስተኛም አቀረቀርኩ። ሱቅ ስቀመጥ ደንበኞቹን በጫማቸው መለየት ለመድኩ። ዳይሬክተሩ ባለሱቁ የሰፋለትን አዲስ ኮት ሊወስድ ሲመጣ፣ አንዱ ካልሲው ጥቁር ሌላው ቡናማ መሆኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ በእጅጌው፣ እሱ በካልሲው ተካክሰን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከቀዶ ጥገናው ማግስት ቁጥሩ አርባ ገብቶ ነበር፤ ያለ ነው አሉኝ። ከዚያ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ዐሥራ አንድ ሆነ። ትናንት እመት ቁጥር ለክታ ስታበቃ አንድ ነገር ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችና ቀኝ ዓይኔን ሸፈነችው። አንብብ አለችኝ። ጠመም ብላ፣ ዳር ዳሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን አየኋት፤ የዕለቱ ቁጥሬ፣ ሰባት! ሽፋኑም ቦታውን ይዟል። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ፤ እመት ቁጥርን አቅፌ ስስማት አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ያ ሾፌር ነው።

አሁን ልመናዬ። ክር ስታስገቢ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ፊትሽ ላይ እንደሚያልፍ፣ ጥግ ጥጉንም ብልጭ እንደሚልብሽ ጽፈሽልኝ፣ እርጅና መጣ ብለሽ ቀልደሽበት ነበር። የኔም የጀመረው እንዲሁ ነው። ለሐኪሟ ስነግራት፣ እህትህም እንዳንተ ወፍራም መነጽር ታደርጋለች ወይ አለችኝ። አዎ ስላት፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ ሰው ሽፋኑ በቀላሉ ይላቀቃልና ዛሬ ነገ ሳትል ትታይ አለች። በስልክ ብነግርሽ ምንም አልሆንኩም ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ልጅሽ ለእማማ ጮክ ብላ ታንብብላት፤ ከእማማ ስታመልጪ አይሻለሁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትይ የኖርሽው አንቺው ነሽ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ደብቄሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ በያት። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ታክሲውን አንድ ቀን አቁሞ እሱ ራሱ ይውሰድሽ። ያቺን ቁንጫ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚያት፤ የልደት ቀሚሷን የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ እጅጌዎቹም እኩል ይሆናሉ። አንቺ ግን እትዬ፣ አደራሽን፣ ከሚለካሽ ሰው ፊት ስትቀመጪ ሆድሽን እንዳትስቢ።

በሁለቱም ዓይኖቼ የጻፍኩልሽ ወንድምሽ

ከልብስ ስፌቱ ሱቅ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ማክሰኞ ጠዋት፣ ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሃያ ሦስተኛው ቀን