በጨርቅ የተሸፈነው ስም

ውድ ልጄ ዴስሊን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛን ከዚያ ማዕበል ያወጣ አምላክ አንቺንም በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኔ ጉንፋን እንኳ አልነካኝም፤ ዜናውን አይተሽ ምግብ እንዳትተዪ።

አውሎ ነፋሱ የደሴታችንን የካሪያኩን ጣሪያ ሁሉ ገሽልጦ ወሰደው፤ የኛንም ጭምር። አባትሽ ጀምሮት የሞተው ጀልባ ግን ከግቢያችን ንቅንቅ አላለም! ጎረቤታችን እትዬ ኢኖላ ከነፍየሎቿ መጥታ፣ አብረን ከሥሩ ተሸጉጠን አሳለፍነው።

ነፋሱ ሲያባራ «ጀልባውን እንጨርሰው» አልኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ ሰማይ እያየ ጀልባ?» ብላ ኢኖላ ሳቀችብኝ።

«ታዲያ የጣሪያሽ ቆርቆሮ ከትልቋ ደሴት ዋኝቶ ይመጣልሻል?» አልኳት። በማግስቱ መዶሻ ይዛ የመጣችው ግን እሷው ናት፤ መንደሩም ተከተላት። የፈረሰው ቤታችን ሳንቃ ሳይቀር ጀልባው ላይ ተመታ። ትናንት ጨረስነው፣ ልጄ!

በወሩ መጨረሻ መንደሩ ሁሉ በገመድ ስቦ ባሕር ያስገባዋል፤ ለምርቃቱ የሚታረደውም በግ ተገኝቷል። የጀልባውን ስም ጎኑ ላይ በእጄ ጽፌ፣ እንደ ወጋችን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ኢኖላ ልታይ ስትሞክር እጇን መታ አደረግኳት። ጨርቁን የምትገልጠው የስሙ ባለቤት ራሷ ናትና፣ እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ነይልኝ።

እናትሽ ቨርና