የቆጡ ሙቀት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20። ከቀኑ 7 ሰዓት።
ወንድሜ ሰይድ አሁንም የሱቄ ቆጥ ላይ ነው። ላቡ በጣውላው ክፍተት ጠብ ሲል ከታች ይታየኛል። ጋቢዎቹን ወደ ጥግ ገፍቻቸዋለሁ፤ ላብ የነካውን ማን ይገዛኛል? ቆርቆሮው በዚህ ሰዓት እጅ አያስነካም። እሱ ከሥሩ፣ ሹራብ በሹራብ ደርቦ፣ የታሰረ ጋቢ ላይ ተቀምጧል።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይድ የሚሮጥለት ክለብ ባሕር ዳርቻ ወዳለ ሞቃት አገር ሁለት ሯጭ ይልካል፤ ግማሽ ማራቶን። ማጣሪያው ግንቦት 10፣ ናዝሬት። ሰይድ ሃያ ሰባት ሞልቶታል። ካላለፈ ያሰናብቱታል፣ በግልጽ ነግረውታል። አሠልጣኙ ብርድ የለመደ ሰውነት እዚያ አይቆምም፣ ከልምምድ በኋላ ሙቀት ውስጥ እየተቀመጥክ አለማምደው ብሎታል። ሌሎቹ ሳውና ይገባሉ። እኛ ያለን ቆጥ ነው።

እኔም ውሌን አስሬያለሁ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ሱቅ ግባ እያልኩት ነው። ካልቀናህ ትገባለህ አልኩት። እሺ አለ።

ጋሽ ሽፋ ከፊት ለፊት ሱቁ ሆኖ ይጮኻል፦ «ዘሀራ! ያ ልጅ በስሎ እንደሆነ አውጪው እንጂ፣ እንዳያርርብሽ!»
ሰይድ ከላይ፦ «ጋሼ፣ ገና ጨው አልተደረገብኝም!»
ሸማ ተራ በሙሉ ሳቀ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29። ማታ።
ጨርቅ ያስተማረኝ ነገር። መጀመሪያ ሰሞን ማልያው ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው ካርታ ይወጣበት ነበር። ዛሬ አየሁት፣ ካርታው የለም ማለት ይቻላል። ላቡ ግን በዝቷል፣ ቶሎም ይመጣል። አሠልጣኙ ደስ ብሎታል አሉ፤ ሰውነቱ ተማረ ማለት ነው።
ደስ አለኝ። መደሰቴ ገረመኝ። እሱ ሲቀናው እኮ እኔ ሱቄን ብቻዬን ነው የምከፍተው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። 11 ሰዓት።
አሠልጣኙ ከሦስት ቀን በፊት ሙቀቱን አቁም፣ ዕረፍ ብሎታል። ሰይድ አላረፈም። ዛሬም ወጣ። ሲወርድ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ምነው አልኩት። እንዲህ አለኝ፦ «እታለም፣ ከበዓል በፊት ጋቢ በርከት አድርጎ መያዝ ነው የምትይው አንቺ አይደለሽም? ገበያው ሲደርስ የያዘ ነው የሚሸጥ።»
የራሴ ቃል ነው። እውነትም መሰለኝ፤ ሙቀትም እንደ ጋቢ ይከማቻል። ነገ ሩጫው እስኪጀመር ድረስ ሙቀቱ እንዳይለየው ሁለት ጋቢ ይዘን እንሄዳለን።

እሁድ፣ ግንቦት 10። ናዝሬት፣ ከሰዓት።
ባጭሩ ልጻፍ።
ሰይድ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አስዘጋ። በሁለት ጋቢ ተጠቀለለ። ሰው ተነጫነጨ። አንዱ ወባ ነው እንዴ ወንድሜ አለው፣ ተሳሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ደርሰንም ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። የቀሩት ሯጮች ዛፍ ሥር ናቸው፣ አንገታቸው ላይ በረዶ፣ ራሳቸው ላይ እርጥብ ፎጣ። ሙቀት ለምደው ሲያበቁ በረዶ! ስል አሾፍኩባቸው። አሠልጣኙ መዝጋቢዎቹ ዘንድ ነበር፤ ሰይድን ያየው መነሻው መስመር ላይ ነው።
ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወጣ። በግማሹ ዙር ሲያልፍ አራተኛ ነበር፣ ፊቱ ግን ልክ አልነበረም። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። እሱ የለም። የለም።
መጨረሻ ላይ መጣ። እግሩ መንገዱን ይስታል። በዚያ ንዳድ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል፣ በረደኝ ይላል። ጋቢውን ላለብሰው ስል አሠልጣኙ ከእጄ ነጠቀኝ። ውኃ አፈሰሱበት፣ በረዶ በብብቱ አደረጉለት። ቆይቶ ስሜን ጠራ። አልሐምዱሊላህ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13።
አሠልጣኙ ሱቅ ድረስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ይጮኻል ብዬ ነበር፣ አልጮኸም። ሙቀቱ ቀደም ብሎ ለማለማመድ ነው አለ፤ ለውድድር ግን ቀዝቅዘህ ነው የምትነሳው። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞሮ፦ «ሰውነትህ ሙቀት የሚይዝበት ልክ አለው። አንተ ሳትነሳ ሞላኸው።»
ሰይድ አንገቱን ደፋ። እኔ የተደረደረውን ጋቢ አየሁ። ጋቢ ቢተርፍ ለሚቀጥለው በዓል ይቆያል። ሙቀት ግን አይከማችም ነበር። ይህን የሚነግረኝ ሰው ናዝሬት ሳልደርስ ባገኝ ኖሮ።
ክለቡ አሰናብቶታል። ለዚህም ነበር የመጣው።

ሰኞ፣ ግንቦት 25።
ሰይድ ከእኔ ቀድሞ ይከፍታል። ጋቢ ያጥፋል፣ ጥለት ይመርጣል፣ ደንበኛ ያግባባል። ጎበዝ ነው፤ ለአረፋ የሚገዛ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ጠዋት መሮጥ ትቷል። የሩጫ ጫማውን የት እንዳደረገው አልጠየቅኩም።
ጋሽ ሽፋ አንገቱን ብቅ አድርጎ፦ «እንኳን ደስ ያለሽ ዘሀራ፣ ወንድምሽ ገባልሽ!»
ወደ ውስጥ ገባሁ። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ይኸው መጣ፣ እንደ ሰው ቤት ዕቃ ከበደኝ። ጋሽ ሽፋ ገብቶት መሰለኝ፣ ወደ ቆጡ ሳይቀልድ ተመለሰ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3። 8 ሰዓት።
ዝናብ ጀምሯል። ቆርቆሮው ቀዝቅዟል፣ ይንጫጫል።
ሰይድ አናጢ ይዞ መጣ። ቆጡን ኮርኒስ እናልብሰው ይላል። ሙቀቱ የጋቢውን ቀለም ይጎዳል፣ ደንበኛም ወጥቶ መምረጥ አልቻለም፣ ካለበስነው ግማሹን መሸጫ እናደርገዋለን። ሁሉም ልክ ነው። እኔ ራሴ የምለው ነበር። ነጋዴ ሆኖ ነው ያወራኝ፣ ድምፁ ውስጥ ምንም የለም፣ ስለ ሌላ ሰው ቤት የሚያወራ ይመስላል። አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ ያ ጥግ ላይ፣ ሰይድ ይቀመጥበት የነበረው ላይ ቆሟል።
ዋጋ እንኳ ሳልጠይቅ አናጢውን መለስኩት። መርካቶ ከገባሁ እንዲህ ያደረግኩት የመጀመሪያዬ ነው።
ሰይድ፦ «ለምን እታለም? ያዋጣናል እኮ።»
ያዋጣል አልኩት። ቆጡ ግን አይለብስም።
ለእሱ አልነገርኩትም፣ ያ ጥግ ግን የሩጫው ነው፤ ቢመለስበት ይገኝ። መሰላሉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ደንበኛ ጠራው፣ ሄደ።
ቆርቆሮው ባዶውን ይቆያል።